አንድ ሴሚስተር ነው እንጂ ስደት አይደለም

ሰላም እህቴ። ከሁሉም በፊት እንኳን ደስ አለሽ! ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሰው ሁሉ ምክር ሰጥቶሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ ያለሽ ግን ያለ አይመስለኝም።

ለሌሎቻችሁ ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልደታ ካምፓስ የአርክቴክቸር አራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በኢራስመስ ፕላስ የልውውጥ ፕሮግራም ተመርጣ መስከረም ላይ ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን ልትሄድ ነው፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ስታልመው የኖረችው ነገር ነው። እናቷ እቁባቸውን ለምነው ቀድመው ወስደው ለጉዞው አስቀምጠዋል። አሜሪካ ያለው አጎቷ ደሞ በየሳምንቱ እየደወለ «አንዴ ከገባሽ መመለስ የሚባል ነገር እንዳታስቢ» ይላታል፣ እቤትም የቡና ወሬው ይሄው ሆኗል። እሷ ግን መመለስ ነው የምትፈልገው። «ልመለስ ብል ሞኝ ነኝ ወይ?» ብላ ነው የጻፈችልኝ።

አይደለሽም። እዚህ ላይ ገለልተኛ እንዳልሆንኩ ግን ቀድሜ ልንገርሽ፣ እኔም በተማሪነቴ ውጭ ቆይቼ የተመለስኩ ነኝ፣ ከዛ ካዛንቺስ አንድ አማካሪ ድርጅት ገብቼ (ሰፈሩ ራሱ አሁን ፈርሷል) ስንት ዓመት ሰው ስቀጥር ነው የኖርኩት። ሌላ ሰው ሌላ ሊልሽ ይችላል።

አሁን የአጎትሽን ሐሳብ እንይ፣ ማለቴ እንደ ቁም ነገር ይዘን ምን እንደሚያስከትል እንይ፣ ምክንያቱም እሱ «ቅሪ» ይላል እንጂ እንዴት እንደሚቀር አንድም ቀን አልነገረሽም። ያንቺ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጠው ለልውውጡ ነው፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ምክንያቱም አብሮ ያልቃል። ለመቅረት ወይ እዛው በመደበኛ ተማሪነት እንደ አዲስ መመዝገብ አለብሽ፣ የአርክቴክቸር ባችለር ደሞ እዛ በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው የሚሰጠው፣ አንቺ ደሞ በራስሽ አባባል «ዳንከ» ላይ ነሽ፣ በዛ ላይ ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለዓመት ወደ 12 ሺህ ዩሮ የሚጠጋ ብር በዝግ አካውንት (በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብቻ በሚለቀቅ) አስቀምጦ ማሳየት ይጠበቅበታል። ይሄ ካልሆነ ጥገኝነት መጠየቅ ነው የሚቀረው። እውነተኛ አደጋ ያለበት ሰው ይጠይቅ፣ መብቱ ነው፣ አንቺ ግን ያልደረሰብሽን ታሪክ አጥንተሽ ለማያውቁሽ ሰዎች ልትናገሪ ነው፣ ከዛ መልስ እየጠበቅሽ ካምፕ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምትቀመጪ ማንም አይነግርሽም። ይሄ ሁሉ ሲሆን በእጅሽ ያለው ምንድነው? የአራት ዓመት ተኩል ትራንስክሪፕት። እኔ ስቀጥር በነበረበት ጊዜ «አራተኛ ዓመት ጨርሻለሁ» የሚል ሲቪ ብዙ መጥቶልኛል፣ ልጆቹ ጎበዝ ነበሩ፣ እኔ ግን የምከፍላቸው በድራፍቲንግ (የሌላ አርክቴክት ንድፍ በሚሥል ሠራተኛ) ደሞዝ ነበር፣ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፣ ፕሮፌሽናል ፈቃድ የሚወጣው በዲግሪ ነዋ።

በተቃራኒው ተመልሰሽ ብትጨርሺ ምን ይሆናል? ዳአድ የሚባለው የጀርመን የስኮላርሺፕ ድርጅት ከታዳጊ አገር ለሚመጡ ባለሙያዎች ማስተርስ የሚያስተምርበት ፕሮግራም አለው፣ ኢፖስ ይባላል፣ ባችለርና ከዛ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ማለት አንቺ ተመልሰሽ፣ ተመርቀሽ፣ ሁለት ዓመት ሠርተሽ፣ እዛው ያስተማረሽ ፕሮፌሰር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎልሽ፣ በሙሉ ወጪ በፊት ለፊት በር ትገቢያለሽ። ያኔ ከፈለግሽ ቅሪ! በዲግሪሽ፣ በሥራ ቪዛሽ፣ ማንንም ሳትዋሺ። ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ላይ «ስትጨርሺ ምን ታደርጊያለሽ» ሲሉሽ ሌላው እየተንተባተበ የሚያልፈውን ጥያቄ አንቺ እውነቱን ተናግረሽ ታልፊዋለሽ፣ ይሄ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ደሞ፣ ይሄ ዕድል ባንቺ የሚያልቅ አይደለም፣ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተፈራርመው በመተማመን ነው ልጅ የሚላላኩት፣ የላኩት ልጅ ሲጠፋ ከኋላ ያሉት የሦስተኛ ዓመት ልጆች ላይ ነው በሩ የሚጠበው።

አጎትሽ ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ግን የሱን ሕይወት ባንቺ ላይ እያጸደቀ ይመስለኛል፣ አንቺ መመለስ ይቻላል ካልሽ እሱ የከፈለው ዋጋ ጥያቄ ውስጥ ይገባበታል። ይሄን ፊት ለፊት አትበይው። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ዲግሪዬን ልያዝ» በይውና ወሬ ቀይሪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲደውልም ያንኑ ድገሚው።

እናትሽ ጋ ያለው ጉዳይ ግን ብር ነው፣ ብሩን ደሞ ቁጭ ብለሽ በወረቀት ማሳየት አለብሽ። ዩሮ እንደምትልኪላቸው አስበዋል አይደል? የፕሮግራሙ አበል እንደ አገሩ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ነው፣ በብር ሲመነዘር፣ በተለይ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ የሚያስደነግጥ ይመስላል። ግን ብሩን የምታወጪው እዛ ነው እንጂ መርካቶ አይደለም። ለተማሪ ዶርም ከ300 እስከ 400 ያዢ፣ የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ ወደ 140 ነው፣ ለቤቱ የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ 18 ዩሮ ምናምን (ሬዲዮ ባይኖርሽም ትከፍያለሽ፣ እኔም ገርሞኛል)፣ ምግብ፣ ስልክ፣ ለስቱዲዮ (ለንድፍ ትምህርቱ) ሞዴል መሥሪያ ካርቶንና ሙጫ። የሚተርፍሽ ኪስ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ደሞ ብዙ ጊዜ ከደረስሽ በኋላ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ የእቁቡ ብር ለትኬትና ለመጀመሪያው ወር ነው፣ ተመልሶ የሚከፈለውም ስትመረቂ ከደሞዝሽ ነው። ከመሄድሽ በፊት ንገሪያቸው። ያዝናሉ፣ ይዘኑ። ጥር ላይ በስልክ ከሚሰሙት ይሻላል።

አንድ ነገር ላይ ግን ካጎትሽ ይልቅ አንቺን ልቆጣ ነው፣ ስለ መውጫ ፈተና አንድ መስመር አልጻፍሽም! ከ2015 ጀምሮ ያለሱ ዲግሪ እንደሌለ ታውቂያለሽ፣ ከመቶ 50 ማምጣት አለብሽ፣ ኮርስ ከጎደለብሽ ደሞ መመዝገቡ ራሱ ጣጣ ነው። የጀርመን የዊንተር (የብርዱ ወቅት) ሴሚስተር ትምህርት የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ነው፣ የሚያልቀው ጥር መጨረሻ፣ የካቲት መጀመሪያ አካባቢ፣ ፈተናው ከዛም ሊያልፍ ይችላል፣ እዚህ ሁለተኛ ሴሚስተር ደሞ የካቲት ላይ ይጀምርብሻል። ስለዚህ ለርኒንግ አግሪመንት የሚባለው ወረቀት ላይ እዛ የምትወስጃቸው 30 ክሬዲቶች እዚህ የትኛውን ኮርስ እንደሚተኩ በስም በስሙ ይጻፍ፣ አንቺ፣ ዲፓርትመንትሽና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ትፈርሙበታላችሁ። «ስትመለሺ እናየዋለን» የሚል ኃላፊ ካጋጠመሽ ከቢሮው አትውጪ። ስትመለሺ እሱ ተቀይሮ ነው የምታገኚው።

ስለ ብርድ፣ ጃኬት እዚህ አትግዢ፣ እዛ ሁለተኛ እጅ ርካሽ ነው። ስለ ጾም፣ ምስርና ሽሮ ዱቄት ይዘሽ ሂጂ፣ ሌላው ችግር የለውም። ስለ ቦይፍሬንድሽ እኔ የሙያ አማካሪ ነኝ።

ስቱዲዮ ስትመርጪ ግን ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ነባር ሕንፃ እድሳት ያለውን ውሰጂ፣ የሚያብረቀርቀውን ተዪው። ፒያሳና ካዛንቺስ በፈረሱበት ዘመን እየተማርሽ ነው፣ የኛ ኮንዶሚኒየም ራሱ ጂቲዜድ ከሚባለው የጀርመን የልማት ድርጅት ጋር ተሠርቶ መጀመሪያ ገርጂ ላይ ነው የተሞከረው፣ ስለዚህ የምትጠይቂው ጥያቄ ሞልቷል። ከመሄድሽ በፊት ገርጂ ሄደሽ ሕንፃዎቹን ፎቶ አንሺ፣ ነዋሪዎቹ ምን እንደቀየሩበት ጻፊ፣ ለመጀመሪያው ፕሬዘንቴሽንሽ ይሆናል። ፈረንጆቹ አዲስ አበባን ካንቺ ነው የሚሰሙት።

የዲፓርትመንቱን ፊርማ ጨርሰሽ ቀኖቹን ላኪልኝና የመመለሻ ትኬቱን አብረን እናያለን።