ስለ ውሃ ኦክስጅን መለኪያ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ውስጥ የውሃ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። በውሃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅንን ስለሚለካው ኦፕቲካል ሴንሰር ጠይቁ። አደራ፣ የአየር ግፊቱን ሳታስገቡ ካሊብሬት አታድርጉ (ንባቡን ከትክክለኛው ጋር አታስተካክሉ)።

ከሳቢያን፦ ከድሮው ባለ ሜምብሬን (ባለ ስስ ሽፋን) ሴንሰር በምን ይሻላል?

መልስ፦ የድሮው ኦክስጅኑን እየበላ ነው የሚለካው፤ ካላማሰላችሁ ንባቡ ይወርዳል። ኦፕቲካሉ አይበላም። ሰማያዊ ብርሃን ካፑ (የሴንሰሩ ጫፍ ክዳን) ላይ ያለውን ቀለም ይመታል፣ ቀለሙ ቀይ ያበራል። ኦክስጅን ሲበዛ ቀዩ ቶሎ ይጠፋል። መሣሪያው ያንን ነው የሚያየው።

ከገንደ ቆሬ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ነጋዴ ጠይቅ።

ከጀጎል፦ በደንብ አየር የነፋሁበት ንፁህ ውሃ 20 ዲግሪ ላይ 7.2 ሚሊግራም በሊትር አለኝ። የኦክስጅን ሙሌት ሠንጠረዡ 9.1 ይላል። ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም አቦ! 9.1 የባህር ወለል ቁጥር ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል። 7.2 ልክ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ 25 ዲግሪ ላይ 7.1 አካባቢ ጠብቁ። ስልካችሁ ላይ ያለው ግፊት ግን ወደ ባህር ወለል የተቀየረ ነው፤ እሱን እንዳታስገቡ። የድሬ ትክክለኛው ግፊት 880 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። እኔ በዚህ ተሳስቼ አንድ የዓሣ ኩሬ 5.2 አለው ብዬ ነበር። 4.5 ነበር። ባለቤቱ በኔ ቃል አየር ማስገቢያውን አጥፍቶ አደረ። ጠዋት ዓሣዎቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያጣጥሩ አይቻለሁ።

ከሐረማያ፦ የኔ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አይሠራም» ምኑ ነው? ካፑ ስንት ዓመቱ ነው? በአልኮል ጠርገኸዋል? ይህን ሳትነግረኝ አልመልስም።

ከከዚራ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ዊንክለር (ኦክስጅንን በኬሚካል የሚለካው ዘዴ) እያለ!

ከሳቢያን፦ ሌሊት 11 ሰዓት ኩሬ ዳር ቆመህ ቢሬት (ኬሚካል በጠብታ የሚለኩበት ቱቦ) ትይዛለህ?

ከከዚራ፦ ናሙናውን እዚያው በኬሚካል አስሬ ላብ ወስጄ እጨርሰዋለሁ።

ከሳቢያን፦ እስክትጨርስ ዓሣው አለቀ።

መልስ፦ ወደ ጥያቄው ተመለሱ። ዊንክለር ለማመሳከሪያ፣ ሴንሰሩ ለየዕለቱ።

ከገንደ ቆሬ፦ የኔ ድሬ ላይ 25 ዲግሪ 8.3 አነበበ፣ ልክ እንደ ሠንጠረዡ። ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብበሃል? ግፊት ስንት አስገባህ?

ከገንደ ቆሬ፦ ስልኬ ያለውን፣ 1,015።

መልስ፦ ሰርዘው። 880 አስገባና እንደገና ካሊብሬት አድርግ።