«ስቴልቪዮን በስንት ሰዓት ወጡት?» ላላችሁኝ

በቅርቡ ሚላኖ ተወልዶ ያደገ አንድ የወዳጄ ልጅ አዲስ የገዛውን ብስክሌት ሊያሳየኝ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ብስክሌቱ በሁለት ጣት ይነሳል፤ ዋጋው ግን በሁለት እጅም አይነሳም። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ስቴልቪዮን በስንት ሰዓት ወጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። የስቴልቪዮን ዳገት በብስክሌት ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ ፈጀብዎት ማለቱ ነው። ጨዋታውን ወደ ሌላ አዞርኩት። ከሄደ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቅ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱም፣ እንደ እሱ በሐምሌና በነሐሴ ወደ አልፕስ ተራሮች ለመውጣት ለምታስቡ ወጣቶችም ነው።

በሙያዬ የመንገድ መሐንዲስ ነበርኩ። አዲስ አበባ ተምሬ ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ስሠራ ሸበትኩ። ብስክሌት ላይ የወጣሁት ዘግይቼ፣ ያውም ሐኪም ስለ ክብደቴ ካስፈራራኝ በኋላ ነው። ስለዚህ ምክሬን እንደ ስፖርተኛ ምክር አትውሰዱት።

ስቴልቪዮ ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ያለ የጣሊያን የተራራ በር ነው። ከፍታው 2,757 ሜትር ሲሆን፣ አስፋልት ከለበሱት የአልፕስ በሮች መካከል ከፈረንሳዩ ኢዜራን በቀር የሚበልጠው የለም። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ የእኛዋ ደብረ ብርሃን ከዚህ በር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። የደብረ ብርሃን ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ከሚደርስበት ከፍታ በታች አውሮፓውያን ቆመው ፎቶግራፍ ይነሳሉ።

መንገዱን የቀየሰው ካርሎ ዶኔጋኒ የተባለ መሐንዲስ ነው። ሥራው ከ1820 እስከ 1825 ተካሄደ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዓላማው በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር የነበሩትን ቲሮልንና ሎምባርዲን ማገናኘት ነበር። ዶኔጋኒ ያሰበው ስለ ሠረገላ ፈረስ ነው፤ ፈረስ ደግሞ ዳገት ሲበዛበት ይቆማል እንጂ እንደ እናንተ እልህ አይጋባም። ስለዚህ መንገዱ ከፕራቶ መንደር ተነስቶ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በአማካይም በየ100 ሜትሩ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል። ጥምዞቹ 48 ናቸው። በየጥምዙ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ከታች በ48 ተጀምሮ ጫፉ ላይ 1 ይላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስወጣው አብረውኝ የነበሩት በቢሯችን ይሠሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀያሽ ናቸው። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። ብስክሌታቸው የብረት፣ ማሊያቸው የሱፍ ነው፤ ከማሊያው የኋላ ኪስ የታጠፈ ጋዜጣ ብቅ ብሏል። ሌሊቱን ግሎሬንዛ አደርን። ግሎሬንዛ ዙሪያዋን በግንብ እንደታጠረች የቀረች ትንሽ ከተማ ናት፤ በሦስት የግንብ በሮች ይገባባታል። ገና ሳይነጋ ቀያሹ ግንቡን ሊዞሩ ወጡ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ጉልበቴን እቆጥብ ነበር።

ዳገቱን ስንጀምር ነገረ ሥራችን ወዲያው ተለያየ። እኔ ሰዓት ይዣለሁ። እሳቸው ትራፎይ የሚባለው መንደር ደርሰው ከምንጩ ውኃ ጠጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ከዚያ ከአንዲት ሴትዮ ጋር በጀርመንኛ ወግ ያዙ። ያ አገር እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የኦስትሪያ ስለነበር የብዙው ሰው አፍ መፍቻ ጀርመንኛ ነው። ከዛፎቹ ወሰን በላይ ስንወጣ የኦርትለር ተራራ በረዶ በግራ ተገለጠ። የመጨረሻዎቹ ጥምዞችም እንደተጣለ መቀነት ተራራው ላይ ተደራርበው ታዩ። ቀያሹ ብስክሌታቸውን አስደግፈው የአንዱን ጥምዝ የድንጋይ ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከድንጋዮቹ መካከል ውኃ የሚወጣበትን ቀዳዳ በጣታቸው እያሳዩኝ፣ «ውኃ መውጫ የሌለው ግድግዳ ክረምት አይሻገርም» አሉ። እኔ አንድ እግሬን ከፔዳል አላወረድኩም። «እሺ፣ ገባኝ» ብዬ ጥያቸው ሄድኩ።

ጫፉ ላይ የቋሊማ ጥብስ ጢስ፣ የሞተር ብስክሌት ጩኸት፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ነው ያለው፤ ከዚህ የበለጠ ነገር አትጠብቁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ደስ አለኝ። ቀያሹ ዘግይተው ደረሱ፤ ጋዜጣቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘርግተው በማሊያቸውና በደረታቸው መካከል አስገቡት፤ ቁልቁለቱ ላይ ነፋስ እንዳይመታቸው ነው። የድሮ ተወዳዳሪዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር።

በቦርሚዮ በኩል ጥቂት እንደወረዳችሁ መንገድ ይለያል። በስተቀኝ ኡምብራይል የሚባለው በር ወደ ስዊዘርላንድ ያሻግራል፤ እቅዳችን በዚያ ዞረን ወደ ግሎሬንዛ መመለስ ነበር። መገንጠያው ላይ ቀያሹ ቆሙ። ጣሊያኖች በትልልቅ መንገዶች ዳር ካንቶኒዬራ የሚሏቸውን ቤቶች ሠርተዋል፤ የመንገድ ጠጋኙ ሠራተኛ ነበር የሚኖርባቸው። «ሦስተኛዋ ካንቶኒዬራ ከዚህ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ብትሆን ነው» አሉኝ። «አባቴ በረዶ የሚጠርገው ከእሷ እየተነሳ ነበር። በልጅነቴ ምሳ አመላልስለት ነበር። ወረድ ብለን አይተናት እንምጣ?»

ከቦርሚዮ በኩል ደመና ጠቁሯል። ወርደን ያንኑ እንደገና መውጣት ሊኖርብን ነው። «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሌላ ቀን በመኪና አመጣዎታለሁ» አልኳቸውና መሪዬን ወደ ቀኝ አዞርኩ። አልተከራከሩኝም። ተከተሉኝ።

ዝናቡ መጣ። ያኔ የኡምብራይል መንገድ ከፊሉ ገና ጠጠር ነበር (ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው በ2015 ነው)፤ እዚያ ላይ ብንያዝ ኖሮ አሳራችንን እናይ ነበር። እኛ ግን ሳንታ ማሪያ መንደር ከገባን በኋላ ነው የወረደው። ስለዚህ ውሳኔዬ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ። ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቃሌን አልበላሁም። ቀያሹ ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ዳገት ቀረባቸው፤ አንድ እሑድ በመኪና ወሰድኳቸው። ከቦርሚዮ ስንነሳ ምሳ በልተው ወይን ቀምሰው ስለነበር ገና ከመጀመሪያዎቹ ዋሻዎች ጀምሮ አንቀላፉ። ካንቶኒዬራዋ ጋ ስደርስ መኪናዬን አቀዘቀዝኩ፤ በሩ ተቆልፏል። ልቀስቅሳቸው አልልቀስቅሳቸው ስል ከኋላዬ አውቶቡስ ጥሩምባ ነፋብኝና አለፍኩ። ጫፉ ላይ ነቅተው ቋሊማ በሉ። ስለ ቤቷ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም።

እንግዲህ የዛሬ ልጆች መሪያችሁ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር አስራችሁ የልብ ምታችሁን፣ የእግራችሁን ኃይል፣ ከእናንተ በፊት የወጣውን ሰው ሰዓት ጭምር እያያችሁ ትወጣላችሁ። ተራራውን ቀና ብሎ የሚያይ ስንቱ ነው? ፎቶግራፉን ሳይቀር ከቁጥሩ ጋር ነው የምትለጥፉት። እንዲህ ስል ግን ሰዓቴን ዛሬም በደቂቃ እንደማስታውሰው አልደብቃችሁም፤ ለአንድ ወፍራም መሐንዲስ መጥፎ አልነበረም። በዚያ ላይ አበላልን እናንተ ከእኛ የተሻለ ታውቃላችሁ። እኛ ዳቦና ሳላሜ በልተን እየወጣን መንገዱን እንረግም ነበር።

«ብስክሌት የፈረንጅ ስፖርት ነው» የሚለኝ አበሻ ደግሞ ያናድደኛል። ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ሜልቦርን ላይ ብስክሌተኞቿም ተሰልፈዋል፤ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያ ዓመት በፊት ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት በዚያው ውድድር ዳገት ላይ ለሚበልጠው የሚሰጠውን የተራራ ንጉሥ ማሊያ ለብሷል።

የራስ ቁር አድርጉ፣ ካላማዳሪ ያዙ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የምለው ይህን ነው። ማለዳ ተነሱ፤ በአልፕስ ነጎድጓድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጥምዝ ላይ የውስጡ ዳር ሲበዛ ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ መኪና የማይመጣ መሆኑን አይታችሁ ወደ መንገዱ መካከል ወጣ በሉ፤ እግራችሁ ያርፋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፤ ከጥምዙ በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁት። ቅዝቃዜውን አትናቁ። በ1988 በጣሊያን ዙር የብስክሌት ውድድር በጂሮ ዲታሊያ፣ የስቴልቪዮ ጎረቤት በሆነው የጋቪያ በር ላይ በረዶ ሲጥል ሆላንዳዊው ዮሐን ፋን ደር ፌልደ በአጭር እጅጌ ቀድሞ ጫፍ ደረሰ፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ አሸንፎት ብዙ ደቂቃ ከሰረ።

በኡምብራይል የምትዞሩ ከሆነ ሙስቴር የሚባል መንደር ላይ የመጥምቁ ዮሐንስ ገዳም አለ፤ ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው የግድግዳ ሥዕል አሁንም አለ። እኔ ያን ቀን ብስክሌት እጠብቃለሁ ብዬ ውጭ ቀረሁ፤ ሌባ የማይታወቅበት መንደር! በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሄጄ የሄሮድስን ግብዣ የሚያሳየውን ሥዕል አየሁት። እሷ የእኛን አገር ሥዕል ትመርጣለች፤ እኔ ግን ጭፈራው ላይ ያለችው ልጅ አሣሣል ይበልጥብኛል፤ እስካሁን አልተስማማንም።

በማርሽ ምርጫም አትኩራሩ። ዳገቱን የሚያቀልላችሁን፣ ከፊት 34፣ ከኋላ 32 ጥርስ ያለውን ግጠሙ። ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ «ይሄ ለሽማግሌ ነው» ቢላችሁ ይበል፤ 14ኛው ጥምዝ ላይ እሱ አብሯችሁ አይኖርም።