ፖፔስኩ የማን ልጅ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ከተማ ትኖራለች። ያገባችው ሮማኒያዊ ነው፤ የቤተሰብ ስሙ ሙንቴያኑ ይባላል። በዚያው ሕንፃ ሌላ ሙንቴያኑ አለ፤ በመሥሪያ ቤቷም አንዲት ሙንቴያኑ አለች። «ዘመዳሞች ናችሁ ወይ?» ስትላቸው ሁሉም «አይደለንም» ይላሉ። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ እንዴት ባዕድ ይሆናሉ? ስሙስ ምን ማለት ነው?
(እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እናታችን፣ ለልጅዎ የነገሯት እውነት ነው። በሮማኒያ ቋንቋ ሙንቴ ተራራ ነው፤ ሙንቴያን ደግሞ ደገኛ። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኡ» እኛ «ቤቱ»፣ «ልጁ» ስንል የምንጨምራትን ድምፅ ትመስላለች፤ ሥራዋም ያው ነው። መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው እንጂ ቋንቋዎቹ አይዛመዱም። ስለዚህ ሙንቴያኑ ማለት «ደገኛው» ነው። በጮቄ ዙሪያ ያለው ገበሬ ሁሉ ደገኛ ቢባል ከአንድ አባት ተወለደ እንደማይባል ሁሉ፣ ሙንቴያኑዎችም በስማቸው ብቻ አይዛመዱም።

ስሙ ሌላም ትርጉም አለው። ቡካሬስት ያለችበት የደቡቡ ክፍል ሙንቴኒያ ይባላል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሞልዳቪያ የሄደ ሰው በሄደበት አገር ሙንቴያን ተባለ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ቡሬ ወይም ብቸና ላይ ማንንም «ጎጃሜው» ብሎ የሚጠራ የለም፤ ሁሉም ጎጃሜ ነውና። ሰውየው ይህን ስም የሚያገኘው አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲገባ ነው። የሮማኒያም እንዲሁ ነው። ሞልዶቫን የሚለው ስም የሚበዛው ሞልዳቪያ ውስጥ ሳይሆን ከካርፓቲያ ተራሮች ማዶ፣ በትራንሲልቫኒያ፣ በክሉዥ አካባቢ ነው፤ ከሞልዳቪያ መጥቶ የሰፈረውን የአገሬው ሰው ነው እንዲህ ያለው። በተቃራኒው ትራንሲልቫኒያ በሃንጋሪ ሥር ሳለች ከዚያ ወደ ሞልዳቪያ የወረደውን «ከሃንጋሪ ወገን የመጣው» ሲሉ ኡንጉሬያኑ አሉት። የኡንጉሬያኑ አያት በቋንቋውም በደሙም ሮማኒያዊ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስሙን አይቶ «ሃንጋሪያዊ ነው» ይላል። አርዴሌያኑ የትራንሲልቫኒያ ሰው፣ ኦልቴያኑ የደቡብ ምዕራቧ የኦልቴኒያ ሰው ማለት ነው፤ እነሱም የተሰጡት ሰውየው ከአገሩ ከወጣ በኋላ፣ በተቀበሉት ሰዎች አፍ ነው።

ቶሪኖ ላይ ሙንቴያኑ መብዛቱም ምክንያት አለው። ወደ ቶሪኖ የሄደው ሮማኒያዊ አብዛኛው ከሞልዳቪያ ክፍል፣ በተለይም ከባከው አውራጃ ነው። አንዱ ወንድሙን፣ ወንድሙም ጎረቤቱን እየሳበ ስለሄደ የአንድ አካባቢ ስሞች በአንድ የጣሊያን ከተማ ተከማቹ።

ዝምድናውን ማጣራት ከፈለጉ ስሙን ትተው መንደሩን ይጠይቁ። ሦስት ቃል ይበቃል፦ ሳት (መንደሩ)፣ ኮሙነ (መንደሮቹን የሚያስተዳድረው ወረዳ መሰል ክፍል) እና ዡዴጽ (አውራጃው)። አውራጃዎቹ 41 ናቸው፤ ቡካሬስት ለብቻዋ ትቆጠራለች። የሁለት ሙንቴያኑዎች መንደር አንድ ከሆነ፣ ያኔ የአያትና የቅድመ አያት ስም አውጥቶ መቁጠር ተገቢ ነው። አውራጃቸው ከተለያየ ግን ስሙ ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲናን 3 ለ 2 ያሸነፈውን የሮማኒያ ቡድን እወደው ነበር። ፖፔስኩ፣ ፔትሬስኩ፣ ዱሚትሬስኩ፣ ሉፔስኩ… ሁሉም ለምን «ስኩ» ይላሉ? አሜሪካ ያለ ወንድሜ ግን የሚያውቃቸው ሮማኒያውያን ፖፕና ሙሬሻን እንጂ አንድም «ስኩ» የላቸውም ይላል።
(ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ «ኤስኩ» ማለት «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ወገን» ነው። ፔትሬስኩ የጴጥሮስ፣ ዱሚትሬስኩ የድሜጥሮስ፣ ዮኔስኩ የዮሐንስ፣ ቫሲሌስኩ የባስልዮስ ወገን ነው። ሉፕ ተኩላ ነው፤ ሉፔስኩ «ተኩላ» የሚል ስም ወይም ቅጽል ከነበረው አባት የመጣ ነው። ብዙ ቁጥሩ «ኤሽቲ» ይሆናል፤ የመንደር ስም የሚሆነውም በዚህ መልኩ ነው። ቡካሬስት በራሳቸው አጠራር ቡኩሬሽቲ ናት፤ በእኛ አነጋገር «እነ ቡኩር» እንደ ማለት።

ፖፔስኩ «የቄሱ ልጅ» ነው። የሮማኒያ ቄስ ኦርቶዶክስ ነው፤ እንደ እኛው ቄስ አግብቶ ይወልዳል። በየመንደሩ ቢያንስ አንድ ቄስ ነበረ፤ ልጆቹም ከሌላው ልጅ የሚለዩት በአባታቸው ሹመት ነበር። ስሙ ከአንድ ምንጭ ሳይሆን ከሺህ መንደር የፈለቀው ለዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ስሞች በዚህ አያበቁም። ዲያኮኑ ዲያቆኑ ነው፤ ዳስከሉ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪና የመንደር ልጆች አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። ዋሸራን ወይም ዲማን ለሚያውቅ አንባቢ «መሪጌታው» ብንለው ሩቅ አይሆንም። የዚያው ቡድን አምበል የሃጂ ስም ግን ሌላ ወገን ነው። በባልካን አገሮች ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የተመለሰ ክርስቲያንም ሃጂ ይባል ነበር፤ ቃሉን ከቱርክ ወሰዱት።

እነዚህ ስሞች እንዴት ረጉ? ቀድሞ ሰዉ የሚጠራው እንደ እኛ በራሱና በአባቱ ስም ነበር፤ በትውልድ በትውልዱም ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1895 በሮማኒያ መንግሥት የስም ሕግ ወጣና የቤተሰብ ስም ቋሚ ሆነ። በዚያ ትውልድ «የጴጥሮስ ልጅ» ይባል የነበረው ሰው፣ የልጅ ልጁ ልጅም ፔትሬስኩ ሆኖ ቀረ። ጴጥሮስ የሚባለው አባት ከተረሳ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አለ።

የወንድምህ ትዝብት ትክክል ነው። ያ ሕግ ሲወጣ ትራንሲልቫኒያ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሥር ነበረች፤ ከሮማኒያ ጋር የተዋሐደችው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ስለዚህ የዚያ ክፍል ስሞች የተለየ መልክ ያዙ። ደቡቡ ፖፔስኩ ሲል ትራንሲልቫኒያ ፖፕ ትላለች፤ በምዕራቡ በባናትና በሰሜኑ በቡኮቪና ፖፖቪቺ ይበዛል፤ ፖፓ በሁሉም ቦታ አለ። ደቡቡና ምሥራቁ ሙንቴያኑ፣ ሞልዶቬያኑ ሲሉ ትራንሲልቫኒያ «ኡ»ዋን ጥላ ሙንቴያን፣ ሞልዶቫን ትላለች። ሙሬሻን የሙሬሽ ወንዝ ሰው ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ አሜሪካ የተሻገሩት በብዛት ከትራንሲልቫኒያ፣ ከባናትና ከቡኮቪና የወጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ በኦሃዮ የብረት ፋብሪካዎች ተቀጠሩ። ክሊቭላንድ ያለችው ቅድስት ማርያም የሮማኒያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተችው በእነሱ ነው። አሜሪካ የቆዩት ቤተሰቦች ፖፕ እንጂ ፖፔስኩ ያልሆኑት ስለዚህ ነው።

የአውሮፓው ስደት ሌላ ታሪክ ነው። ከ2002 ጀምሮ ሮማኒያውያን ወደ አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ ያለ ቪዛ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ በ2007 አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሮማኒያ ዜጎች ይኖራሉ፤ ከውጭ ዜጎች ሁሉ ቁጥራቸው ይበልጣል። በስፔን ካስቴዮንና በማድሪድ አጠገብ ያለችው ኮስላዳ የታወቁ ማዕከሎቻቸው ናቸው። ስፔን ልጅን በሁለት የቤተሰብ ስም ስለምትመዘግብ፣ እዚያ «ፖፔስኩ ዮኔስኩ» የሚል ብታይ የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ የአባት፣ ሁለተኛው የእናት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «ኤስኮ» ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ፈረንሳዮች የመጨረሻዋን ፊደል «ኡ» ብለው ስለማያነቧት ድምፁን ለማቅረብ በ«ኦ» ተጻፈ። ስላቲና ከተማ የተወለደው ጸሐፌ ተውኔት ዩጂን ዮኔስኮ በትውልዱ ዮኔስኩ ነው።

ጥያቄ፦ የትርጉም ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። የአንድ ሮማኒያዊ ስም በሦስት ሰነድ ሦስት ዓይነት መጣብን። በአማርኛ የትኛውን እንጻፍ?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መነሻችሁ የሮማኒያ የልደት ምስክር ወረቀት ይሁን፤ የጣሊያን ወይም የስፔን የመኖሪያ ፈቃድ አይሁን። ልዩነቱ የሚመጣው ከምልክቶቹ ነው። «ኤስ» ከሥሯ ነጠላ ሰረዝ የመሰለች ጭራ ካላት «ሽ» ናት፤ «ቲ» ያው ጭራ ካላት ወደ «ጽ» ትጠጋለች። የውጭ አገር ኮምፒውተር ጭራዋን ይጥላል፣ ሙሬሻንም ሙሬሳን ይሆናል። በፓስፖርቱ ግርጌ ያለው በማሽን የሚነበበው መስመር ምልክት ስለማይቀበል፣ ከዚያ መስመር ስም አትቅዱ።

ስለ አናባቢዎቹ አማርኛ ዕድለኛ ነው። «ኤ» (A) በላይዋ ጎድጓዳ ጨረቃ ካለባት የእኛ ግዕዝ ድምፅ «ኧ» ናት፤ ስለዚህ ረዱሌስኩ በ«ረ» ይጻፋል እንጂ በ«ራ» አይጻፍም። «ኤ» (A) ወይም «አይ» (I) ቆብ ካደረጉ ሁለቱም ሳድሳችን «እ» ናቸው፤ ስርቡ የሚለው ስም በሁለቱም ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የአጻጻፍ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለተለወጠ የአባትየው ሰነድ በአንዱ፣ የልጅየው በሌላው ቢሆን ስሙ ያው ነው። «ሲ» (C) ከ«አይ» (I) ወይም ከ«ኢ» (E) በፊት ስትመጣ «ች» ናት፦ ቾባኑ፣ «እረኛው»። ስፔኖች በራሳቸው ሕግ ሲያነቡት «ሲዮባኑ» ይላሉ፤ እናንተ ግን ያንን አትከተሉ።

ከፊደሉ የሚከፋ ስሕተት ግን አለ። በሮማኒያ የመንግሥት ሰነድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፦ «ፖፔስኩ ዮን»። በእኛ ልማድ ያነበበ ሰው «ስም ፖፔስኩ፣ የአባት ስም ዮን» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሰውየውንም የራሱ አባት ያደርገዋል። በትምህርት ማስረጃ ላይ ደግሞ «ፖፔስኩ ኢ. ማሪያ» ብታዩ፣ መካከል ያለችው ፊደል የአባቷ ስም መነሻ ናት። በአማርኛው «የቤተሰብ ስም» እና «የራስ ስም» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ፤ አጠገቡም የላቲኑን አጻጻፍ ከነምልክቱ አስፍሩ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከሮማኒያዊ ባሏ ልጅ ልትወልድ ነው። በማን ስም ይጠራ? የአባታችን ስም እንዲቀርልን እንፈልጋለን።
(ከሞጣ)

መልስ፦ መብታችሁ በሕጋቸው አለ። የሮማኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባልና ሚስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ካላቸው ልጁ የአንዱን ወይም የሁለቱን ጥምር እንዲይዝ ይፈቅዳል። ጥምሩን ብትመርጡና በእህትሽ ፓስፖርት የቤተሰብ ስም ሆኖ የተጻፈው የአባታችሁ ስም ከሆነ፣ ስሙ በልጁ ስም ውስጥ ይኖራል። መጀመሪያ ግን የእህትሽን ፓስፖርት አውጡና በቤተሰብ ስም መስመር የተጻፈውን ቃል በፊደሉ አንብቡ። በጋብቻ ወረቀቱና በልደት ምዝገባው ላይ መግባት ያለበት ያ ቃል ነው። አንድ ፊደል ከተዛነፈ ልጁ ነገ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሲጠይቅ ራሱን ከእናቱ ሰነድ ጋር ማያያዝ ያስቸግረዋል።

ብዙ ቤተሰብ የሚወድቅበት ሌላ ጉድጓድ አለ። ልጁ እዚያ «ዳንኤል ሙንቴያኑ» ተብሎ ተመዝግቧል እንበል። አያቶቹ ለእንግድነት ሲመጣ በእኛ ደንብ «ዳንኤል ዮን» ብለው በአባቱ የራስ ስም ሌላ ወረቀት ያወጡለታል። ያኔ አንድ ልጅ በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ማስተካከያውም ፍርድ ቤት ድረስ ሊያደርስ ይችላል። የመጀመሪያው የልደት ወረቀት ላይ ያለው ስም ሳይነካ ይተርጎም፤ ሌላ አይውጣ።

ለራሱ ስም ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ዳንኤል፣ ማርያም በሁለቱም ወገን የታወቁ ናቸው። «ገብረ ሚካኤል» ዓይነቱን ከወደዳችሁ ሳትነጥሉ፣ እንደ አንድ ቃል ገጥማችሁ አስመዝግቡ፤ ከተነጠለ የውጭ አገር መዝገብ «ገብረ»ን ብቻ ስሙ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ እንደ ራሺያ የሴቷ ስም መጨረሻ ይለወጣል?
(ከዳንግላ)

መልስ፦ አይለወጥም። ፖፔስኩ ለወንዱም ለሴቷም ፖፔስኩ ነው። ሲጋቡም እያንዳንዳቸው በስማቸው መቆየት፣ የአንዱን ለሁለቱ መያዝ ወይም ሁለቱን ማጣመር ይችላሉ፤ ምርጫቸውም በጋብቻ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል።