ራዳሩ ሲጠፋ አውሮፕላኖቹ ምን ይሆናሉ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ስጓዝ ልናርፍ ጥቂት ሲቀረን አውሮፕላናችን አርባ ደቂቃ ያህል ሰማይ ላይ ዞረ። ካፒቴኑ «ምድር ላይ የራዳር ብልሽት ስላጋጠመ ተራ እየጠበቅን ነው» አለን። በሰላም ብናርፍም ፍርሃቱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ራዳሩ ካላያቸው አውሮፕላኖቹ እንዴት አይጋጩም? እናቴ በሚቀጥለው ወር ትበራለች፤ ልከልክላት?
እንቅልፍ ያጣችው ተሳፋሪ

መልስ፦ እህቴ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ራዳር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ፍርሃትዎን አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ያስጨነቁዎት እነዚያ አርባ ደቂቃዎች የጥንቃቄው ሥራ ናቸው።

ራዳር ሲኖር ከምድር ሆኖ በረራዎችን የሚመራው ተቆጣጣሪ በአንድ ከፍታ የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖችን በ5 የባሕር ማይል፣ ማለትም በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ አራርቆ ማሳለፍ ይችላል። ማረፊያው አካባቢ ርቀቱ እስከ 3 የባሕር ማይል ይወርዳል። ራዳሩ ሲጠፋ ሥራው ወደ ቀድሞው ዘዴ ይመለሳል፤ አብራሪዎች ያሉበትን ቦታ፣ ሰዓቱንና ከፍታቸውን በሬዲዮ ይናገራሉ፣ ተቆጣጣሪው ስትሪፕ በምንላቸው ጠባብ ወረቀቶች ላይ ይመዘግባል። በአንድ መስመርና በአንድ ከፍታ የሚከታተሉትን በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ያለያያል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት 10 ደቂቃ ማለት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰማዩ የሚይዘው አውሮፕላን በአንድ ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። የተረፈው አንዱ ከሌላው በላይ በ1,000 ጫማ ልዩነት ተደርድሮ እየዞረ ተራውን ይጠብቃል። ነዳጁም ታስቦበታል፤ ጄት የሚነሳው ወደ ተለዋጭ ማረፊያ ከሚያደርሰው በላይ ለ30 ደቂቃ የሚያቆየው መጠባበቂያ ይዞ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የጠፋ ራዳር ሳይሆን ሳይጠፋ የሚያሳስት ራዳር ነው። አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የመሣሪያ ክፍሉ አረንጓዴ መብራቶች ሁሉ በርተዋል፤ አንቴናውም በየ5 ሴኮንዱ አንድ ዙር ይዞራል። ስልኩ ጮኸ። «ምልክቶቹ ቆመዋል» አለችኝ ተቆጣጣሪዋ። አንድ አብራሪ የተወሰነ ቦታ ማለፉን ሲነግራት በእሷ ስክሪን ላይ ግን ገና እዚያ አልደረሰም። ሮጬ ስደርስ ፊቷን ከስክሪኑ አዙራ በእርሳስና በወረቀት እየሠራች ነበር። ራዳሩ ደህና ነው፤ የላላው መረጃውን የሚያደርሰው መስመር መገጣጠሚያ ነበር። ስክሪኑ በመጨረሻ የደረሰውን ምስል እንደያዘ ቀርቷል። የጨለመ ስክሪን ማንንም አያታልልም፤ የቆመ ምስል ግን ይታመናል። ዛሬ በየመረጃው ላይ ሰዓት ይታተምበታል፤ አዲስ መረጃ ካልመጣ ምልክቱ መልኩን ቀይሮ ተቆጣጣሪውን ያስጠነቅቃል። ይህ መጨመሩ ትልቅ እፎይታ ሆኖልኛል።

ሁለት ዓይነት ራዳር መኖሩንም ይወቁ። አንዱ ሞገድ ልኮ ከአውሮፕላኑ አካል የሚመለሰውን ማሚቶ ይቀበላል። ሁለተኛው በ1030 ሜጋኸርዝ ይጠይቃል፤ አውሮፕላኑ ላይ ያለው ትራንስፖንደር በ1090 ሜጋኸርዝ መለያ ቁጥሩንና ከፍታውን ይመልሳል። በአውሮፕላኖቹ መካከልም የመጨረሻ አጥር አለ፤ ቲካስ የሚባለው መሣሪያ የሌላውን ትራንስፖንደር ራሱ እየጠየቀ፣ ምድር ያለውን ራዳር ሳይጠብቅ «ውጣ» ወይም «ውረድ» ይላል።

መሣሪያ በከፊል ሲጎድል የሚመጣውን አደጋ ያሳየን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት ነው። በጀርመን ኡበርሊንገን አካባቢ ቱፖሌቭ 154 እና ቦይንግ 757 ተጋጭተው 71 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ያንን ሰማይ ከስዊዘርላንድ ዙሪክ ሆኖ ይመራ የነበረው ተቆጣጣሪ ራዳር ነበረው። ነገር ግን ሥርዓቱ ጥገና ላይ ስለነበር የግጭት ማስጠንቀቂያው በስክሪኑ አይታይም፤ ዋናው የስልክ መስመርም ተዘግቷል። አደጋው ሲመጣ ያዩት በጀርመን የካርልስሩኸ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢደውሉም አልገባላቸውም። የሥራ ባልደረባው እረፍት ላይ ስለነበር የሁለት ተቆጣጣሪ ጠረጴዛ ሥራ የሚሠራው የዙሪኩ ተቆጣጣሪ ብቻውን ነበር። ቲካስ ቱፖሌቩን «ውጣ» ሲለው ተቆጣጣሪው «ውረድ» አለው፤ አብራሪዎቹም ወረዱ። ከዚያ ወዲህ የቲካስና የተቆጣጣሪው ትእዛዝ ሲቃረኑ የቲካስ እንደሚቀድም ደንቡ በግልጽ ተጻፈ። ለእኔ ግን የዚያ ሌሊት ዋና ጥፋት ከዚያ በፊት የተፈጸመ ነው፤ ያን ያህል መሣሪያ ሲቋረጥ በቦታው ተጨማሪ ሰው መቀመጥ ነበረበት። ጥገና ስጀምር ተቆጣጣሪው ፊት ቆሜ ምን ምን እንደሚያጣ አንድ በአንድ ሳልነግር ማብሪያ ነክቼ አላውቅም፤ ለጀማሪ ቴክኒሻኖችም አጥብቄ የምነግረው ይህንኑ ነው።

እናትዎን አይከልክሏቸው። ተያያዥ በረራ ካላቸው ግን በሁለቱ መካከል ሰፋ ያለ ሰዓት ይያዙላቸው፤ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም በእጅ ቦርሳቸው ይሁን።