ያቺ ሴትዮ እውነት ስልክ ላይ ነበረች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጎጃም ውስጥ ጤፍና ስንዴ ያርሳል። ድሮ በቁልፍ ስልኩ 8028 ይደውልና አንዲት ሴት ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ ትነግረው ነበር። ስትጨርስ «እግዜር ይስጥልሽ» ብሎ ነው የሚዘጋው። ስልኩ ኢንተርኔት የለውም፣ እሱም ማንበብ አይችልም። ሴትዮዋ እውነት ቁጭ ብላ ትመልስለት ነበር? አሁን ስማርት ስልክ ገዛሁለት። ባንክም ሌላም ቦታ ሲደውል ግን «ቁጥር ተጫን ትለኛለች፣ ቁጥሩ የታለ?» ይለኛል።
የገበሬ ልጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ የሰሙት አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ነው። 8028ን የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ በ2006 ዓ.ም. ጀመረው። ጥሪው ነጻ ነበር፤ ሲጀመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ።

አሠራሩ ደስ ይላል። አባትሽ 2ን ሲጫኑ በመስመሩ ላይ ሁለት ድምፅ አብሮ ይሄዳል፣ አንዱ በሰከንድ 697 ጊዜ ሌላው 1336 ጊዜ የሚርገበገብ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ጥንድ አለው፣ ከወዲያ ያለው ኮምፒውተርም ጥንዱን ለይቶ የተፈለገውን ቅጂ ይከፍታል። በቃ ይኸው ነው። ፊደል የማይቆጥር ሰው መረጃ ፍለጋ የሰው እጅ ሳያይ፣ በራሱ ቋንቋ፣ እርሻው ዳር ቆሞ ጠየቀ ማለት ነው። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስንዴ ላይ ዋግ የሚባለው በሽታ ሲመጣ ደግሞ ለተመዘገበው ገበሬ ማስጠንቀቂያ ይላክ ነበር።

ነጋዴውና አምራቹም የራሱ የስልክ መስመር ነበረው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት የጀመረው ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ 929 እየደወሉ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ መስማት ተቻለ። የዕለቱን ዋጋ የሰማ ገበሬ ደላላው የነገረውን ይዞ አይሄድም።

ችግር አልነበረውም አልልም። አጎቴ ቤት ያየሁትን ልንገርሽ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፣ «3ን ይጫኑ» ስትለው ከጆሮው አውርዶ ቁልፉን ይፈልጋል፣ እስኪያገኘው ድምፁ አልፎታል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በኋላ ልጁ ድምፁን ክፍት አደረገለትና ጎረቤት ሁሉ ደጃፉ ላይ ተሰብስቦ አብሮ ይሰማ ጀመር። ደግሞ ቅጂ መልሰሽ አትጠይቂውም። «የእኔ መሬት ግን ውሃ ይቋጥራል» ብትዪው አይሰማሽም፤ ለዚያ የልማት ሠራተኛዋ ነበረች።

የአባትሽ የአሁኑ ችግር የአጎቴው ነው፣ መልኩ ተለውጦ እንጂ። ስማርት ስልክ ጥሪ ላይ እያለ ቁጥሮቹን ይደብቃል፣ ጆሮ ላይ ሲደረግም ስክሪኑ ይጠፋል። እንዲህ አድርጊ፦ አብራችሁ ቁጭ በሉና ደውዪ፣ መጀመሪያ የድምፅ ማጉያውን ምልክት ይንኩ፣ ቀጥሎ ነጠብጣብ የተደረደረበትን የቁጥር ሰሌዳ ምልክት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሳይሆን መዳፋቸው ላይ ይያዙት። አንቺ አትንኪው፣ እሳቸው ሦስት አራት ጊዜ ራሳቸው ይሞክሩት። እስኪለምዱት ድረስ የቁልፍ ስልኩን አትጣዪባቸው።