ነርስነትን ትተው ወደ ስልክ አገልግሎት መግባት ለሚያስቡ ተማሪ

ውድ ጠያቂያችን፣

ልብዎ ወደ ነርስነት ቢያደላም የታማሚዎች ስቃይ ውሎ አድሮ ያዝለኛል ብለው ስለሰጉ፣ ቀለል ይላል ወዳሉት የስልክ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ ለመግባት እያሰቡ መሆኑን ጽፈዋል። ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የስልኩን ሥራ ቀላል ማለትዎ ግን ትክክል አይመስለኝም።

የሶሺዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የአውሮፕላን አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን ተመልክተው ነበር። አስተናጋጆቹ በፈገግታ እንዲያረጋጉ፣ ዕዳ ሰብሳቢዎቹም በኃይለ ቃል እንዲያስጨንቁ ይጠበቅባቸው ስለነበር፣ ሁለቱም ስሜታቸውን አሠሪው በሚፈልገው መልክ ይቀርጹ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ከመዛል ጋር ይበልጥ የተያያዘው ውስጥ እየነደደ ፊትን ብቻ ማሳመር ነው። በጥሪ ማዕከል ደግሞ የሚነገረው ቃል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ተጽፎ ይሰጣል፤ ጥሪው ይቀዳል፤ የሚፈጀው ጊዜ ይለካል፤ አሁን የተሰደበ ሠራተኛም ወዲያው ለሚቀጥለው ደዋይ በለሰለሰ ድምፅ መመለስ አለበት።

የነርስነትን ክብደት ማቃለሌ አይደለም። የሌሊት ተራ፣ የሠራተኛ እጥረትና ሲንከባከቡት የቆዩት ሰው ሞት ብርቱውን ሰው ይሰብራሉ፤ ሆኖም ለታማሚው የሚያሳዩት ርኅራኄ አብዛኛውን ጊዜ የራስዎ ስለሆነ ማስመሰሉ ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ፣ በርንአውት የሚባለው የሥራ መዛል በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት ተብሎ ተመዝግቧል። ከምልክቶቹ መካከል እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከድካሙ ይልቅ ለሥራው የሚሰማው መሰልቸትና ልብ መሻከር ነው፤ ድካም በእረፍት ሊቃለል ይችላል፣ የሻከረ ልብ ግን በእንቅልፍ ብቻ አይመለስም።

ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት በሁለቱም ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ያነጋግሩ። ከከባድ ገጠመኝ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ዞር ማለት ይፈቀድላቸው እንደሆነ፣ እነሱ ሲሰደቡ አለቃቸው ከማን ጎን እንደሚቆም፣ ተራቸውን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ከደመወዙ መጠን ይልቅ እነዚህ መልሶች ብዙ ይነግርዎታል።

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ ነርስነትን እንዲማሩ እመክራለሁ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከአቅምዎ በላይ ሆኖ ቢያገኙት እንኳ፣ ሙያውን ሳይለቁ ወደ ክትባት፣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወይም ወደ ማኅበረሰብ ጤና መዛወር የሚቻልበት መንገድ አለ።