መልስ፦ አንድ ሰው ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል?

«የመሥሪያ ቤታችን የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ በየወሩ ይዘገያል፤ እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ እችላለሁ?» ላሉት፦

መጀመሪያ የሚያዘገየው ማን እንደሆነ ይለዩ። ብዙ ጊዜ የጽዳት ሠራተኞችን የሚቀጥረው ሌላ ተቋራጭ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል ውሉን የሚከታተለውን ኃላፊ ያግኙ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ ያቅርቡ፦ የደመወዝ መክፈያ ቀን በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ተቋራጩ ካዘገየም ይጠየቅ። ደመወዝ የዘገየባቸውን ወራት ዝርዝር አያይዙ፤ ሁለት ሦስት ባልደረቦችም ይፈርሙበት። የአንድ ሰው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ አራት ሰው የፈረመበትን ችላ ማለት ግን ይከብዳል።

ፌስቡክ ላይ መጻፉን ለጊዜው ያቆዩት፤ ብዙ ጊዜ ለውጥ የሚያመጣው ማንም የማያየው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች የዘር መድልዎን በመቃወም አውቶቡስ ላለመሳፈር አድማ ሲጠራ ጆ አን ሮቢንሰን የተባለች የኮሌጅ መምህርት በሺዎች የሚቆጠሩ በራሪ ወረቀቶችን ስታባዛ አድራለች። አድማው 381 ቀን ቆየ፤ ያቺን የማባዣ መኪና ግን ማን ያስታውሳታል?

ከልምዴ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሠራተኞቹን ሳያማክሩ ደብዳቤውን አያስገቡ። ተቆርቋሪ ነኝ ያለ ሰው ስሟን በመጥቀሱ ብቻ ፈረቃዋ የተቀየረባት ሴት አውቃለሁ። ስማችን አይነሳ ካሉ አያንሱ፤ «ተዉት» ካሉም ይተዉት።